ከሳህን የወጣ ወንበር፦ የቨርጂኒያው 94ኛ የምርጫ ክልል

እቁብ የጣለ ሰው ትዕይንቱን ያውቀዋል። ስም በቁራጭ ወረቀት ይጻፋል። ይጠቀለላል። ሳህን ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ዞር ብሎ እጁን ይከታል፤ የቀረው አንገቱን ያሰግጋል። «ለማን ወጣ?»

ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 በቨርጂኒያ ዋና ከተማ በሪችመንድ የሆነው ከዚህ ብዙም አይለይም። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የሁለት ተወዳዳሪዎች ስም በወረቀት ታተመ። እያንዳንዱ ወረቀት የድሮ ካሜራ ፊልም የሚቀመጥባት ትንሽ እቃ ውስጥ ገባ። ሁለቱ እቃዎች ስቲቨን ግላስ የተባለ የሸክላ ጥበብ ባለሙያ የሠራው ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ተጨመሩ። ሳህኑ ከቨርጂኒያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም በውሰት የመጣ ነው። የግዛቱ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ጄምስ አልኮርን እጃቸውን ከተቱ። አንዷን አወጡ። ከፍተው አነበቡ፦ ዴቪድ ያንሲ።

በቃ። የግዛቱ የተወካዮች ምክር ቤት 94ኛ ወንበር ባለቤት አገኘ። ከወንበሩ ጋርም ሪፐብሊካኖች 51 ለ49 ሆነው ምክር ቤቱን ይዘው ቀጠሉ። በእቁብ ቢሆን ዛሬ ያልወጣለት ሰው ቀጣዩን ሳምንት ይጠብቃል። እዚህ ቀጣዩ ዙር ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ወንበር ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሳህኑ ነው። እኔም በሳህኑ ጀመርኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ማን ይዘለዋል? ግን የወንበሩን ታሪክ ከፊትም ከኋላም ካየነው፣ ሳህኑ የወሰነው የሁለት ዓመት ጉዳይ ብቻ ነው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ትልቁን ሥራ የሠራው ካርታው ነው። የምርጫ ክልሎችን መስመር የሚያሰምረው እጅ።

መርከብ ሠሪዎቹ ከተማ

94ኛው ክልል ያኔ የነበረው ኒውፖርት ኒውስ ከተማ ውስጥ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ያህል በመኪና ይወስዳል፤ ጀምስ ወንዝ ወደ ባሕሩ ሊገባ ሲል። ከተማዋ የምትታወቀው በመርከብ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በኒውክሌር የሚንቀሳቀሱት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች የሚሠሩት እዚያ ብቻ ነው። ጥቁሩም ነጩም፣ ወታደሩም ብየዳ ሠራተኛውም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪውም ተቀላቅሎ የሚኖርባት ከተማ ናት። እንዲህ ያለ ቦታ መስመሩን ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ ብታደርገው አሸናፊው ይለወጣል። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከተማዋን ለረጅም ዘመን የወከሉት ዴሞክራቱ አለን ዳያመንስታይን ናቸው። ከ1968 እስከ 2002 ምክር ቤት ተቀምጠዋል። 34 ዓመት! በ2001 ምክትል ገዥ ለመሆን በፓርቲያቸው ውስጥ ተወዳድረው በቲም ኬን ተሸነፉ። ኬን ኋላ ገዥም ሴናተርም ሆኑ፤ በ2016 ደግሞ የሂላሪ ክሊንተን ምክትል ሆነው ተወዳደሩ። ዳያመንስታይን የለቀቁትን ወንበር ሪፐብሊካኑ ግሌን ኦደር ወሰዱት።

ኦደር በ2011 ወንበሩን ትተው የፎርት ሞንሮ አስተዳደር ኃላፊ ሆኑ። ፎርት ሞንሮ የድሮ የጦር ምሽግ ነው። በ1619 ባሪያ ተደርገው የመጡት አፍሪካውያን ከመርከብ የወረዱት በዚያ ዳርቻ ነው። የጥቁሮች ድምጽ የት ይቆጠር፣ ከማን ጋር ይደመር የሚለው ክርክር ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከባለል የኖረው እንግዲህ በዚያው አካባቢ ነው።

ኦደርን የተኩት ዴቪድ ያንሲ ናቸው። በ2011 ተመረጡ፣ በ2013 ደገሙት። በ2015 ሼሊ ሲመንድስ የሚባሉ የከተማዋ የትምህርት ቦርድ አባል ገጠሟቸው። ሲመንድስ ተሸነፉ። ያኔ ማንም ብዙ ነገሬ አላለውም።

አንዲት ወረቀት

ኖቬምበር 2017 መጣ። ትራምፕ ዋይት ሀውስ ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የቨርጂኒያ ዴሞክራቶች ንዴታቸውን ይዘው ወጡ። ከምርጫው በፊት ሪፐብሊካኖች የተወካዮች ምክር ቤቱን 66 ለ34 ይዘውት ነበር። 100 ወንበር ካለው ቤት 66ቱን የያዘ ፓርቲ በአንድ ሌሊት ይወርዳል ብሎ የጠበቀ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። ለገዥነት ራልፍ ኖርተም በ9 ነጥብ ገደማ ልዩነት አሸነፉ። ዴሞክራቶች ወንበር በወንበር እየለቀሙ 49 ደረሱ።

94ኛው ላይ በመጀመሪያው ቆጠራ ያንሲ በ10 ድምጽ መሩ። አሥር! ሲመንድስ ድጋሚ ቆጠራ ጠየቁ። ዲሴምበር 19 ቀን ተቆጠረ። 11 ሺህ 608 ለሲመንድስ፣ 11 ሺህ 607 ለያንሲ። በአንድ ድምጽ አሸነፉ። የምክር ቤቱ የሪፐብሊካን መሪዎች ሳይቀሩ የእንኳን ደስ አለዎት መግለጫ አወጡ። 50 ለ50 ሆነ ተብሎ በአገሩ ሁሉ ተዘገበ። ሲመንድስ ያን ዕለት ማታ አሸናፊ ሆነው ተኙ።

በማግስቱ ሦስት ዳኞች ውጤቱን ለማጽደቅ ተቀመጡ። እዚህ ላይ አንዲት ወረቀት መጣች።

ድምጽ ሰጪው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ወረቀቱ ላይ ግን በ94ኛው ውድድር የሁለቱንም ተወዳዳሪዎች ክብ አጥቁሯል። ከዚያ በሲመንድስ ክብ ላይ አንድ ሰረዝ አሳልፏል። በሌሎቹ ውድድሮች የመረጠው ሪፐብሊካኖችን ነው። ቆጣሪዎቹ በፊተኛው ቀን «ሁለት ሰው መርጧል» ብለው ወረቀቱን ከቁጥር ውጪ አድርገውት ነበር። ከቆጠራው በኋላ ነው በሪፐብሊካኖች ወገን ቆጠራው ላይ የሠራ ሰው ለዳኞቹ ደብዳቤ የጻፈው። ይህ ሰው ያንሲን ሊመርጥ ፈልጎ ነው፣ ሲመንድስን ሰርዟል የሚል።

ዳኞቹ ተስማሙ። ወረቀቷ ለያንሲ ተቆጠረች። 11 ሺህ 608 ለ11 ሺህ 608።

ቁጥሩን መልሳችሁ አንብቡት። ከ23 ሺህ በላይ ሰው ወጥቶ መርጦ፣ እኩል ለእኩል። ሦስተኛ ተወዳዳሪም ነበሩ፤ የሊበርታሪያን ፓርቲው እጩ ከ600 በላይ ድምጽ ወስደዋል። ከእነዚያ ስድስት መቶዎች አንዱ ሐሳቡን ቢለውጥ ይህን ሁሉ አናወራም ነበር። ያን ቀን ልጁን ከትምህርት ቤት ለማምጣት ሲሮጥ ሳይመርጥ የቀረም ሰው እንደዚያው።

የዳኞቹ ውሳኔ ትክክል ነበር? ወረቀቷን ብቻ ካየን፣ ሰረዙ የሲመንድስ ላይ መሆኑና ሌላው ምርጫ ሁሉ ሪፐብሊካን መሆኑ ያንሲን ያመለክታል። ለእኔም የሚመስለኝ እሱ ነው። ነገር ግን ቆጠራው ካለቀ፣ ሁለቱም ወገን ከፈረመ በኋላ ጉዳዩን እንደገና መክፈት ሌላ ነገር ነው። የሲመንድስ ወገን የተከራከረውም በዚህ ነው። ሳይሆንላቸው ቀረ። ለዲሴምበር 27 ታስቦ የነበረው እጣ በክርክሩ ምክንያት ተላልፎ ጃንዋሪ 4 ወጣ። ያንሲ በቦታው አልነበሩም። ሲመንድስ ግን መጥተው ስማቸው ሳይወጣ ሲቀር በዓይናቸው አዩ። መሸነፋቸውን የተቀበሉት ምክር ቤቱ ሥራ በጀመረበት በጃንዋሪ 10 ነው።

እጣ መጣል ደግሞ ዳኞች ከኪሳቸው ያወጡት ነገር አይደለም። የቨርጂኒያ ሕግ እኩል ድምጽ ሲመጣ በእጣ ይለይ ይላል። በ1971ም አንድ የምክር ቤት ወንበር በእጣ ተለይቷል። ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸው ወግ አላቸው። አላስካ በ2006 ብራይስ ኤጅመን የተባሉ እጩ የፓርቲ ውስጥ ምርጫን በሳንቲም ውርወራ አሸንፈው፣ ኋላ የምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ እስከመሆን ደርሰዋል። ሚሲሲፒ ላይ በ2015 ሁለት እጩዎች ጭራሮ መዘዙ። ረጅሙ የደረሰው ዴሞክራት አሸነፈ ተባለ፤ ምክር ቤቱ ግን በ2016 አንስቶት ተቀናቃኙን አስቀመጠ። የኛዎቹ የእቁብ ዳኞች እንዲህ ቢያደርጉ ሰፈር ይታመስ ነበር።

የመስመሩ ነገር

አሁን ወደ ካርታው።

አሜሪካ በየ10 ዓመቱ ሕዝብ ትቆጥራለች። ከቆጠራው በኋላ የምርጫ ክልሎች መስመር እንደ አዲስ ይሰመራል። ብዙ ግዛቶች ላይ መስመሩን የሚያሰምረው ምክር ቤቱ ራሱ ነው። ስለዚህ የተመረጠው ሰው መራጩን ይመርጣል ማለት ነው። ቨርጂኒያም በ2011 ያደረገችው ይህንኑ ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱን ካርታ የመሩት ክሪስ ጆንስ የተባሉ ሪፐብሊካን ናቸው።

ካርታው በ12 ክልሎች ውስጥ አንድ ደንብ ተከተለ፦ ለአቅመ ምርጫ ከደረሰው ሕዝብ ቢያንስ 55 በመቶው ጥቁር ይሁን። ላይ ላዩን ሲታይ ለጥቁሮች የታሰበ ይመስላል። የሚሠራው ግን እንዲህ ነው። አንድ ክልል በ52 በመቶ የሚያሸንፍ እጩ ካለው፣ እዚያ ላይ ተጨማሪ ደጋፊ ብታከማች የሚገኝ ወንበር የለም። ያከማቸሃቸው ሰዎች ግን ከጎረቤት ክልል ተነስተው ነው የመጡት። ጎረቤቱ ሳሳ። ከ94ኛው አጠገብ ያለው 95ኛው ክልል ከእነዚያ 12 አንዱ ነበር። ከሃምፕተን ተነስቶ እንደ ጅራት ተስቦ ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ይገባል። በብዛት ዴሞክራት የሚመርጠው ጥቁር መራጭ ወደዚያ ሲሰበሰብ 94ኛው ለሪፐብሊካን የሚመች ሆኖ ቀጠለ። ያንሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመረጡት በዚሁ ካርታ፣ በዚያው ዓመት ነው።

እንግዲህ 2017ን በዚህ ዓይን እዩት። ሲመንድስ እኩል ድምጽ ያገኙት ለሌላው ወገን ታስቦ በተሰፋ ልብስ ውስጥ ገብተው ነው። የዴሞክራቶች ማዕበል በመጣበት ዓመት ክልሉ ልክ መሐል ላይ ቆመ። ማዕበል በሌለበት ዓመት እንደ 2015 ነው የሚሆነው።

ጥቁር መራጮች ካርታውን ፍርድ ቤት ከሰሱት። መዝገቡ ቤትዩን ሂል በሚል ስም ይታወቃል። ጉዳዩ ዓመታት ፈጀ። ጁን 2018 ላይ ሦስት የፌዴራል ዳኞች በሁለት ለአንድ ድምጽ፣ 11 ክልሎች ሕገ መንግሥቱን በሚጥስ መልኩ በዘር ላይ ተመሥርተው ተሰምረዋል አሉ። 95ኛው ከ11ዱ አንዱ ነው። ባለሙያ ተሾሞ አዲስ ካርታ ሠራ። 11ዱ ሲስተካከሉ ጎረቤቶቻቸውም አብረው ተነኩ፤ አንዱን ጎትተህ ሌላው ሳይንቀሳቀስ አይቀርም። ከተነኩት ውስጥ 94ኛው ነበር። ጁን 2019 ላይ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የምክር ቤቱን ይግባኝ 5 ለ4 ውድቅ አደረገ። ምክር ቤቱ ብቻውን ይግባኝ የማለት መብት የለውም ብሎ።

ኖቬምበር 2019፣ ያንሲና ሲመንድስ ለሦስተኛ ጊዜ ተገናኙ። ሰዎቹ ያው ናቸው። ከተማው ያው ነው። ሊበርታሪያኑ እንኳ ያው ናቸው። የተለወጠው መስመሩ ነው። ሲመንድስ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። ድጋሚ ቆጠራ አልተጠየቀም። ዴሞክራቶች 55 ለ45 ምክር ቤቱን ያዙ። የ2011ን ካርታ የሠሩት ክሪስ ጆንስም በዚያ ቀን ወንበራቸውን አጡ። የእሳቸውም ክልል በአዲሱ ካርታ ተነክቶ ነበር።

ለውጡን ሁሉ ለካርታው እንዳልሰጥ ግን ልጠንቀቅ። በ2019ም የትራምፕ ጥላ ነበር፣ የከተማ ዳርቻው መራጭም እየተለወጠ ነበር። ይህ ብቻውን ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከእኩል ድምጽ ወደ ሰፊ ልዩነት ይወስዳል ቢሉኝ አላምንም።

ለእኛ ምናችን ነው?

ሰሜን ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ስፕሪንግፊልድ፣ የሐበሻ አገር ነው ማለት ይቀላል። ቡና ላይ የሚነሳው ወሬ ግን ሁሌ ዋይት ሀውስ ነው። የግዛቱን ምክር ቤት ተወካዩን በስም የሚያውቅ ሰው ብዙ አይገኝም። ኪስና ቤት የሚነካው ነገር ደግሞ አብዛኛው የሚወሰነው ሪችመንድ ነው።

ሜዲኬይድን እንውሰድ። ለዝቅተኛ ገቢ ሰዎች የሚሰጠውን ይህን የጤና ሽፋን ለማስፋት የቀድሞው ገዥ ቴሪ ማኮሊፍ አራት ዓመት ሙሉ ታግለው ሪፐብሊካኖች እምቢ አሏቸው። በ2018፣ ከሳህን በወጣው አብላጫ ዘመን፣ አለፈ! የሪፐብሊካን ምክር ቤት ነው ያሳለፈው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ 15 ወንበር ካጡ በኋላ የቀሩት ደነገጡ። በርከት ያሉ ሪፐብሊካኖች ከዴሞክራቶች ጋር ድምጽ ሰጡ። እስከ 400 ሺህ ሰው ይጠቀማል ተብሎ የታሰበው ሽፋን ከጃንዋሪ 2019 ጀመረ። የ94ኛው እጣ ወደ ያንሲ መውጣቱ ይህን አላስቆመውም። በየክልሉ ወጥቶ የመረጠው ሰው ያመጣው ድንጋጤ ከሳህኑ በላይ ሠራ።

ከ2019 በኋላ የመጣው ደግሞ ሌላ ዝርዝር ነው። ዝቅተኛው ደመወዝ ከሜይ 2021 ጀምሮ በሰዓት ወደ 9.50 ዶላር ከፍ አለ፤ በ2023 ደግሞ 12 ዶላር ደረሰ። ወረቀት የሌለው ግን ግብር የሚከፍል ሰው የመንጃ ካርድ እንዲያገኝ ተፈቀደ። የሞት ቅጣት ተሻረ፤ ከደቡብ ግዛቶች ቨርጂኒያ የመጀመሪያዋ ሆነች። ፓርኪንግ የሚሠራ ወይም ኡበር የሚነዳ ወንድማችን ከእነዚህ ቢያንስ አንዱ ነክቶታል።

2021 ላይ የኛ ሰው ስሙ ተነስቶ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ የባይደን አስተዳደር በኢትዮጵያ ላይ በያዘው አቋም የተናደዱ የኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ማኅበራት ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። ያንግኪን በ63 ሺህ ገደማ ድምጽ አሸነፉ። ያሸነፉት በእኛ ነው ማለት ግነት ነው። የቨርጂኒያ ገዥ ደግሞ ለኢትዮጵያ የውጭ ፖሊሲ አያወጣም። ግን ያው የምርጫ ወረቀት ላይ፣ ከገዥው ስም ዝቅ ብሎ፣ የተወካዩ ስም አለ። በዚያ ቀን ምክር ቤቱ 52 ለ48 ወደ ሪፐብሊካን ተመለሰ። ከወንበሮቹ ሁለቱ የተለዩት እያንዳንዳቸው ከ150 ባነሰ ድምጽ ነው። አንዱ የ94ኛው ጎረቤት፣ ሃምፕተን አካባቢ ያለው 91ኛው ክልል ነበር። 150 ሰው ማለት የአንድ ሰርግ እንግዳ እንኳ አይሞላም።

በዚያ የሪፐብሊካን ዓመት ሲመንድስ አልወደቁም። ክልሉ ከእንግዲህ መሐል ላይ የሚቆም ዓይነት አልነበረም።

የቨርጂኒያ መራጮች በ2020 ካርታ የማውጣቱን ሥራ ከምክር ቤቱ ወስደው ለኮሚሽን ሰጥተዋል። ግማሹ ፖለቲከኛ፣ ግማሹ ተራ ዜጋ። ኮሚሽኑ የመጀመሪያ ሥራው ላይ ተጣልቶ ተበተነ። በመጨረሻ የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሁለት ባለሙያዎች ሾሞ፣ ካርታውን ዲሴምበር 2021 አጸደቀ። ማን የት እንደሚኖር እንኳ ሳይጠይቁ ነው ያሰመሩት፤ ብዙ ተወካዮች ራሳቸውን ከባልደረባቸው ጋር አንድ ክልል ውስጥ አገኙት። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ማንም ሙሉ በሙሉ ያልወደደው ካርታ ከመሆኑ የተነሳ ነው ጥሩ የሆነው። በ2023 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሠራበት ምክር ቤቱ 51 ለ49 ወጣ። ያቺው የድሮ ቁጥር፣ በዚህኛው ጊዜ ለዴሞክራቶች።

ቁጥሮቹም ተቀያየሩ። ሲመንድስ አሁን የሚወክሉት ክልል 70ኛ ይባላል። 94 የሚለው ቁጥር ውሃውን ተሻግሮ ኖርፎክ ገብቷል። እዚያ እስካሁን ሳህን ያስፈለገው ምርጫ የለም።